ናይትሬት 80 ላይ ቆሞ አልወርድ አለኝ፤ ውሃ እየቀየርኩ ነው

ሰማያዊ ውሃ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው። ዛሬ ግን ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

የኮራልና የባሕር ዓሣ ገንዳዬ (ሪፍ) ከነሳምፑ፣ ማለትም ማጣሪያዎቹ ካሉበት ተጨማሪ ገንዳ ጋር፣ 300 ሊትር ነው። 2 ዓመት ሞላው። 6 ዓሣ አለኝ፤ 2 ክላውንፊሽ፣ 1 ቢጫ ታንግ፣ የቀሩት ትናንሽ ናቸው። ኮራሎቼ አብዛኞቹ ለስላሳ ናቸው፣ ዞዋንቲድና ሌዘር። አንድ ሃመርና አንድ ሞንቲፖራ የሚባሉ ጠንካራ ኮራሎችም አሉኝ።

ችግሬ ናይትሬት ነው፤ ከምግብና ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣው የናይትሮጅን ውህድ። ላለፉት 5 ወራት 80 ሚሊግራም በሊትር ላይ ቆሟል። በየሳምንቱ 10 በመቶ ውሃ እቀይራለሁ፣ አንድም ሳምንት ዘልዬ አላውቅም። ቀይሬ በነጋታው ስለካ ያው 80 ነው። ሞንቲፖራዋ ወይን ጠጅ ነበረች፣ አሁን ቡናማ ሆናለች። ሃመሩ ጠዋት ይከፈታል፣ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። መስታወቱን በጠረግሁ በ2 ቀኑ አልጌው ይመለሳል። አልካሊኒቲውም (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል።

ማታ ማታ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ሳያቸው ያሳዝኑኛል። የሳትኩት የት ነው?

ጠብታ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። ምንም ነገር ከመንካትሽ በፊት ቁጥሩን እናረጋግጥ።

የናይትሬት ኪት (መለኪያ) ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። በአንዳንዶቹ ኪቶች ከጠርሙሶቹ አንዱ ውስጥ ያለው ነገር ታች ይዘቅጣል። በደንብ ሳይናጥ ከተንጠባጠበ ውጤቱ ከእውነቱ አንሶ ይወጣል። መመሪያው 30 ሰከንድ ናጪ ካለሽ ሰዓት ይዘሽ ናጪው። ቱቦውንም እንደዚያው። ቀለሙንም መመሪያው ካለው ደቂቃ ቀድመሽ ወይም ዘግይተሽ አታንብቢ።

ሌላው፣ ከፍ ያለ ቁጥር ላይ ቀለሞቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። 40ውም 80ውም ለዓይን ያው ቀይ ነው። ስለዚህ ውሃውን አቅጥኚው። 1 እጅ የገንዳ ውሃ ከ4 እጅ ንጹህ የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅለሽ ለኪ። የወጣውን በ5 አባዢ። ቀለሙ ፈዘዝ ስለሚል ልዩነቱ ለዓይን ይታያል።

ኪትሽ የሚሰጥሽ ናይትሬቱን ይሁን ወይስ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ፣ እሱንም ከወረቀቱ ላይ እዪ። ናይትሮጅን ብቻ ከሆነ በ4.43 ሲባዛ ነው እኛ የምናወራው ቁጥር የሚሆነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አይቻለሁ።

በመጨረሻ የምትጨምሪውን ውሃ ለኪው። ጨው ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ ከገባ በኋላ አንዴ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ 50 ሚሊግራም በሊትር ነው። ሰው የሚጠጣው ጤናማ ውሃ ለኮራል ገንዳ እዳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የቆየ ድንጋይ

ልጄ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ዛሬ ማታ የሚሞት ነገር የለም። ዓሦችሽ ከዚህ የባሰ ናይትሬትም ይችላሉ። ለስላሳ ኮራሎችም ብዙ ይታገሳሉ። የከፋቸው ሞንቲፖራዋና ሃመሩ ናቸው፣ እነሱም ቢሆኑ ምልክት ነው የሰጡሽ።

ሞንቲፖራዋ ለምን ቡናማ ሆነች? ኮራል ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች አሉት፤ በብርሃን ምግብ የሚሠሩለት እነሱ ናቸው። ናይትሬት ሲበዛ እነሱ ይራባሉ። ቀለማቸው ቡናማ ነው፣ ሲበዙ የኮራሉን የራሱን ቀለም ይሸፍኑታል። ስለዚህ ቀለሟ አልጠፋም፣ ተሸፍኖ ነው ያለው። ቀስ ብሎ ይመለሳል።

በባሕር ውስጥ ሪፍ አካባቢ ናይትሬት ከ1 ሚሊግራም በሊትር በጣም በታች ነው። በገንዳ ግን እዚያ ለመድረስ አትሩጪ። በባሕር ኮራሉ ቀኑን ሙሉ በማዕበል የሚመጣ ጥቃቅን ሕይወት ይበላል። በእኛ ገንዳ ያ የለም። ከ5 እስከ 15 መካከል ተረጋግቶ ቢቆይልሽ ላንቺ ገንዳ ጥሩ ነው እላለሁ።

ሦስት ነገር ንገሪኝ። ፎስፌትሽ (አልጌ የሚመገበው ሌላው ንጥረ ነገር) ስንት ነው? ሳምፕሽ ውስጥ ምን ምን አለ? በቀን ምን ያህል ትመግቢያለሽ?

ሰማያዊ ውሃ

ጋሼ፣ ጠብታ፣ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የተባልኩትን ሁሉ አደረግሁ።

አቅጥኜ ስለካ 18 ወጣ። በ5 ሲባዛ 90። እውነቱ ካሰብኩት ይብሳል። ኪቱ የሚያነበው ናይትሬቱን ራሱን ነው። የተጣራው ውሃ 0፣ ጨው ከገባበት በኋላም 0። በውሃ የሟሟ ነገር የሚለካው የቲዲኤስ ሜትርም 0 ነው የሚለው። ስለዚህ ከውጭ የሚገባ የለም።

ፎስፌት 0.02 ነው። ከዓመት በፊት አልጌ ሲበዛብኝ ፎስፌት የሚመጥ የብረት ኦክሳይድ ጠጠር ገዝቼ አስገባሁ፣ እስካሁን በየወሩ እየቀየርኩት ነው። ሳምፑ ውስጥ የማጣሪያ ከረጢት አለ፣ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ) አለ፣ ትልቅ ጥቁር ስፖንጅ አለ፣ ከዚያ መብራት ያለው ክፍል ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት እንዲበላ ያስገባሁት ኬቶ የሚባል አልጌ አለ። ኬቶው አያድግም። ከ8 ወር በፊት ያስገባሁት ጭብጥ የሚያህል ነበር፣ አሁንም ጭብጥ ነው።

ምግብ ጠዋት ደረቅ ፍሌክ፣ ማታ 1 ኩብ የቀዘቀዘ። ታንጉ ሲለምነኝ ደግሞ እጨምርለታለሁ።

ቀመር ወዳድ

10 በመቶ ውሃ እየቀየርሽ ቁጥሩ ለምን እንደማይነቃነቅ ላሳይሽ። ይህን ሒሳብ ሳላውቅ 1 ዓመት ሙሉ ተሰቃይቻለሁ፣ ሌላ ሰው እንዲሰቃይ አልፈልግም።

ገንዳሽ ውስጥ በሳምንት 8 ሚሊግራም በሊትር ይጨመራል እንበል። ናይትሬቱ 80 ሲሆን 10 በመቶ ትቀይሪያለሽ። የ80 አንድ አሥረኛ 8 ነው። 72 ይሆናል። በሳምንቱ ውስጥ 8 ይጨመርና ተመልሶ 80። እንደገና ትቀይሪያለሽ፣ 72። እንደገና 80። ኪቱ ደግሞ 72ትን ከ80 አይለይም። አንቺ ምንም ያልሠራሽ ይመስልሻል እንጂ በየሳምንቱ የገባውን ልክ እያወጣሽ ነበር።

አጭሩ ስሌት ይህ ነው፦ በሳምንት የሚጨመረውን ለምትቀይሪው ድርሻ አካፍዪ። 8 ለ 0.10 ሲካፈል 80። ቁጥሩ ሄዶ ሄዶ የሚቆመው እዚያ ነው። 20 በመቶ ብትቀይሪ 8 ለ 0.20፣ 40 ላይ ይቆማል። የሚጨመረውን ወደ 4 አውርደሽ 20 በመቶ ብትቀይሪ 20 ላይ። ከላይ የሚታከለው ካልቀነሰ በውሃ መቀየር ብቻ ወደ 10 ለመድረስ በየሳምንቱ 80 በመቶ መቀየር አለብሽ። እሱ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

8ቱ ከየት ይመጣል? ከምግብ። ደረቅ ምግብ 45 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው እንበል። ከፕሮቲን ውስጥ 16 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ 1 ግራም ምግብ ውስጥ 0.072 ግራም ናይትሮጅን አለ። ሁሉም ወደ ናይትሬት ቢቀየር በ4.43 ይባዛል፣ 0.32 ግራም። በ300 ሊትር ውስጥ ሲበተን 1 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ነው። በቀን 1 ግራም፣ በሳምንት 7።

ዓሣው ጥቂቱን ለሥጋው ያስቀረዋል፣ ስኪመሩም የተወሰነ ያወጣል። ግን ቁጥሩ የት አካባቢ እንዳለ ይኸው ታየ። አንዴ የፍሌኩን ቁንጥጫ ሚዛን ላይ አስቀምጪው።

ዞዋ ወዳጅ

እኔም ልክ እንደዚህ ነኝ፣ 60 ላይ ቆሜያለሁ። ይህን ክር አስቀምጬዋለሁ። ቀመር ወዳድ፣ ተባረክ ወንድሜ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም።

የቆየ ድንጋይ

ሰማያዊ ውሃ፣ ሳምፑ ውስጥ አለ ያልሽው ትልቅ ጥቁር ስፖንጅ ለመጨረሻ ጊዜ የታጠበው መቼ ነው?

ሰማያዊ ውሃ

ጋሼ፣ ታጥቦ አያውቅም። ባክቴሪያው ይሞታል ሲባል ሰምቼ ነው የተውኩት።

የቆየ ድንጋይ

አዎ፣ ይህ ምክር በየቦታው ይባላል። ለአዲስ ገንዳ እውነትነት አለው። ለ2 ዓመት ሪፍ ግን አይሠራም። ያንቺ ባክቴሪያ ድንጋዩ ላይና አሸዋው ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ከበቂ በላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣው ያልበላው ምግብና ኩሱ ስፖንጁ ውስጥ ይያዛል። ተያዘ ማለት ግን ወጣ ማለት አይደለም። አሁንም ውሃው ውስጥ ነው ያለው። እዚያው ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል። ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል። ሰዎች ስፖንጁን "የናይትሬት ፋብሪካ" ይሉታል። ስፖንጁ ጥፋት የለበትም። ውስጡ የተከማቸው ቆሻሻ ነው ጥፋተኛው።

ስለዚህ ስፖንጁን አውጪው። በአንድ ጊዜ ሙሉውን ሳይሆን ግማሹን ቆርጠሽ፣ ቀሪውን ከ2 ሳምንት በኋላ። ስታወጪው ባልዲ ከሥር አድርጊ፣ የሚንጠባጠበው ወደ ሳምፑ እንዳይመለስ። የማጣሪያ ከረጢቱን በየ3 ቀኑ ቀይሪ። ሳምንት ከቆየ እሱም እንደ ስፖንጁ ነው። የሳምፑን ወለል በቱቦ ሳቢ። ውሃው ከገንዳው የሚወርድበትን ሳጥን ውስጡን እዪ፣ እዚያ የሚረሳ ጭቃ ይኖራል፤ አንዳንዴም የሞተ ቀንድ አውጣ።

ድንጋዮቹን በትንሽ ፖምፕ ንፊባቸው። ከየቀዳዳው ጭስ የመሰለ ነገር ሲወጣ ታያለሽ። ከረጢቱ ይይዘዋል፣ በነጋታው ቀይሪው። አሸዋውን ግን ጥንቃቄ። በአንድ ቀን ሩቡን ብቻ፣ ላዩን ብቻ። ወፍራምና ያረጀ አሸዋ ውስጥ ኦክስጅን የሌለበት ጥቁር ንብርብር አለ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይይዛል። እሱ በአንዴ ከተገለበጠ ዓሣ ይገድላል።

ይህ ሥራ ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። ግን ከማንኛውም ጠርሙስ መድኃኒት በፊት ይህ ይቅደም።

ስኪመርሽን ደግሞ አጽጂው። ስኪመር ናይትሬትን በቀጥታ አያወጣም፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሚያወጣው ገና ናይትሬት ያልሆነውን ኦርጋኒክ ቆሻሻ ነው። አንገቱ በቅባት ከተሸፈነ አረፋው አይወጣም፣ ሥራውንም ያቆማል። አንገቱን በየ2 ወይም 3 ቀኑ ጥረጊ።

ማዕበል

ጋሼ በተናገሩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ከተነገረ በኋላ ማንም አላነሳውም። ፎስፌቱ!

እህቴ፣ ፎስፌትሽ 0.02 ነው። ናይትሬትሽ 90። ኬቶው የማያድገው ለዚህ ይመስለኛል። ተክልም ሆነ ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ብቻውን አይበላም። ሁለቱንም አብሮ ይፈልጋል። በባሕር ጥቃቅን ሕይወት ውስጥ ለ1 ፎስፎረስ 16 ናይትሮጅን እንደሚገኝ አልፍሬድ ሬድፊልድ የሚባል ተመራማሪ ካሳየ ቆይቷል። ወደ እኛ ኪት ቁጥር ሲመለስ 10 ናይትሬት ለመብላት 1 ፎስፌት ያስፈልጋል ማለት ነው፣ በግምት። አንቺ ፎስፌቱን በጠጠር እየመጠጥሽ ኬቶውን አስርበሽዋል።

ኮራሎቹም እንደዚሁ። ናይትሬት ሞልቶ ፎስፌት ሲጠፋ ለነሱ ሁለቱም ከፍ ካሉበት ሁኔታ ይከፋል። ሃመሩ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰበው ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ጠጠሩን አውጪና ፎስፌቱ ከ0.05 እስከ 0.1 ድረስ ይውጣ። አልጌ ለጊዜው ትንሽ ሊጨምርብሽ ይችላል። ታገሺው።

ሪፍ ቀን

እኔ ደግሞ አቼቶ እላለሁ። ጽዳቱ ካለቀ በኋላ ማለቴ ነው።

ለማያውቁት፦ ባክቴሪያ ለማደግ ካርቦን ይፈልጋል። በገንዳችን ናይትሬት ሞልቷል፣ ባክቴሪያው የቸገረው ካርቦን ነው። ትንሽ አቼቶ ወይም ቮድካ ስንሰጠው ይራባል፣ ሲራባ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ወደ ሰውነቱ ያስገባል። ስኪመሩ ባክቴሪያውን ያወጣዋል። ናይትሬቱ ከገንዳው የሚወጣው በስኪመሩ ጽዋ ነው። ስኪመር የሌለው ሰው ይህን አይሞክረው።

እኔ የምጠቀመው 5 በመቶ አሲድ ያለው ነጭ አቼቶ ነው፣ ምንም ያልተጨመረበት። የብዙዎች አጀማመር በ100 ሊትር 0.1 ሚሊ ሊትር ቮድካ ነው። አቼቶው በ8 እጥፍ ስለሚቀጥን 0.8 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ያንቺ ገንዳ ድንጋይና አሸዋ ሲቀነስ 260 ሊትር ቢሆን፣ በቀን 2 ሚሊ ሊትር ብለሽ ጀምሪ። በየሳምንቱ 2 ጨምሪ። ናይትሬቱ መውረድ ሲጀምር መጨመሩን አቁሚ፣ እዚያው መጠን ላይ ቆዪ።

ጠዋት መብራት ከበራ በኋላ ስጪ። አቼቶ ፒኤች ዝቅ ያደርጋል፣ ፒኤች ደግሞ ሌሊት ራሱ ዝቅ ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይገጥሙ ነው። ውሃ በኃይል የሚፈስበት ቦታ አንጠባጥቢው፣ ኮራል ላይ ሳይሆን።

ማዕበል

ሪፍ ቀን የተናገረው ልክ ነው። ግን የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ ማንም እንዲደግመው አልፈልግም።

ከ4 ዓመት በፊት 50 ናይትሬት ነበረኝ። ቸኮልኩ። በሳምንት መጨመር የነበረብኝን በ2 ቀን ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ውሃው ወተት መስሏል። ዓሦቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ባክቴሪያው በብዛት ፈንድቶ ኦክስጅኑን ጨርሶት ነው። ስኪመሩን ከፍቼ፣ የአየር ፖምፕ ጨምሬ፣ ውሃ ቀይሬ ሦስቱን አተረፍኩ። ሁለቱን አጣሁ። ከነሱ አንዱ 6 ዓመት አብሮኝ የኖረ ዓሣ ነበር። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

በዚያ አላበቃም። ከ2 ወር በኋላ ናይትሬቱም ፎስፌቱም 0 ሆኑ፣ እኔም ደስ አለኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሸዋው ላይ ቡናማ ንፍጥ መጣ፣ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ያንጠለጠለ። ዳይኖፍላጀሌት (ዳይኖ) የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነበር። ቀንድ አውጣዎቼ አለቁ። ዳይኖ ሌላው ሁሉ ሲራብ ቦታውን ይይዛል። እሱን ለማጥፋት 5 ወር ፈጀብኝ። ያደረግሁት ነገር ደግሞ ናይትሬትና ፎስፌት መልሶ መጨመር ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ከ5 በታች እንዳትወርጂ። አልካሊኒቲሽንም ከ7 እስከ 8.5 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) መካከል አቆዪው። አልካሊኒቲ ከፍ ብሎ ምግቡ ሲጠፋ የጠንካራ ኮራል ጫፍ ይቃጠላል።

ቀመር ወዳድ

ስለ አልካሊኒቲ ሲነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰማያዊ ውሃ በየሳምንቱ ይወርዳል ብላ ነበር።

አሞኒያ ወደ ናይትሬት ሲቀየር አልካሊኒቲ ይበላል። ናይትሬት በ50 ሲጨምር 2.3 ዲኬኤች ያህል ይሄዳል። ናይትሬቱ ሲበላ ወይም ወደ ጋዝ ሲቀየር ደግሞ ያው መጠን ይመለሳል። ስለዚህ አቼቶ ከጀመርሽ በኋላ በልማድ የምትጨምሪውን አልካሊኒቲ ሳትለኪ እንዳትቀጥዪ። ሳታውቂው ከፍ ሊልብሽ ይችላል።

ሰማያዊ ውሃ
*(ከ3 ሳምንት በኋላ)*

ተመለስኩ። ብዙ ነገር ተደርጓል።

ስፖንጁን ግማሹን ሳወጣ ባልዲው ውስጥ የወረደው ውሃ ቡና አተላ ነው የሚመስለው። አፈርኩ። በ2 ሳምንቱ ቀሪውንም አወጣሁ። አሞኒያ በየቀኑ ለካሁ፣ አንድም ቀን አልታየም። ጋሼ እንዳሉት ውሃ የሚወርድበት ሳጥን ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ጭቃ አገኘሁ። የሞተ ነገር ግን አልነበረም።

ፍሌኩን መዘንኩት። 1 ግራም መስሎኝ የነበረው 1.6 ነው! ታንጉ ሲለምን የምጨምርለት ሳይቆጠር። አሁን ጠዋት 0.5 ግራም፣ ማታ ኩቡን አቅልጬ ቀስ እያልኩ በትንሽ በትንሹ እሰጣለሁ። አሸዋው ላይ የሚወድቅ የለም። ዓሦቹም አልከሱም፣ እንዲያውም ይበልጥ ይንቀሳቀሳሉ።

ውሃ 3 ጊዜ 25 በመቶ ቀየርኩ፣ በ5 እና 6 ቀን ልዩነት። ሙቀቱን 25.5፣ ጨዋማነቱን 35 አድርጌ፣ አልካሊኒቲውንም አመሳስዬ ነው ያስገባሁት። ከ90 ወደ 65 ገደማ፣ ከዚያ ወደ 55፣ አሁን 45 ነው።

የብረት ጠጠሩን አወጣሁ። ፎስፌቱ 0.06 ሆኗል። ኬቶው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አረንጓዴ አወጣ! ለ8 ወር ሞቷል ብዬ ያሰብኩት ነው። ፎቶ አንስቼ ለቤተሰብ ሁሉ ላክሁ። ማንም አልገባውም፣ እናንተ ግን ይገባችኋል።

ዞዋ ወዳጅ

በጣም ደስ ይላል! እኔም ስኪመሬን አጽድቼ የማጣሪያ ከረጢት መቀያየር ጀምሬያለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የሰልፈር ሪአክተር የሚባለውስ? ጓደኛዬ ናይትሬትን 0 ያደርጋል ይላል።

የቆየ ድንጋይ

ይሠራል። ውስጡ የሰልፈር ጠጠር አለ። ውሃ በጣም ቀስ ብሎ ሲያልፍበት ኦክስጅኑ ያልቃል። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይቀይሩታል፣ ጋዙ ወደ አየር ይወጣል። ድንጋያችን ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፣ በትንሹ።

ግን ፍሰቱን መጠበቅ ይጠይቃል። ከፈጠነ ናይትራይት ይዞ ይወጣል። ከዘገየ የእንቁላሉ ሽታ ይመጣል። የሚወጣው ውሃ አሲድነት ስላለው አልካሊኒቲ ይቀንሳል። ብዙ ዓሣ ላለው ትልቅ ገንዳ ጥሩ መሣሪያ ነው። ላንተ 60 ግን ከረጢት መቀየርና ምግብ መመዘን ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ጥልቅ አሸዋም አለ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር። በጥሩ ጊዜው ይሠራል። እኔ ነበረኝ። ከዓመታት በኋላ ቆሻሻ ሲሞላ ማጽዳት አይቻልም፣ ማንሳትም ያስፈራል። ዳግመኛ አላደርገውም።

ሪፍ ቀን

ሰማያዊ ውሃ፣ 45 ላይ አቼቶውን መጀመር ትችያለሽ። ፎስፌቱ ከ0.03 በታች ከወረደ ግን አቁሚ። ያኔ ባክቴሪያው ናይትሬቱን መብላት ያቆማል፣ አንቺ አቼቶውን ብትጨምሪም ለውጥ አታዪም።

ሰማያዊ ውሃ
*(ከ11 ሳምንት በኋላ)*

ሰላም ውድ ወንድሞቼና ጋሼ። ቃል በገባሁት መሠረት ልጻፍ።

አቼቶውን በ2 ሚሊ ሊትር ጀመርኩ፣ በየሳምንቱ 2 ጨመርኩ። የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ምንም አልተለወጠም። ልጨምር እጄ እየከጀለ የማዕበልን ጽሑፍ መልሼ አነበብኩ። በአራተኛው ሳምንት የስኪመሩ ጽዋ በ2 ቀን መሙላት ጀመረ፣ ጥቁር፣ ወፍራም። በአምስተኛው 34። ከዚያ 27፣ ከዚያ 20። በ12 ሚሊ ሊትር ላይ ቆምኩ።

ዛሬ ናይትሬት 12፣ ፎስፌት 0.05። አልካሊኒቲ የምሰጠውን መጠን ሳላበዛ ከ7.4 ወደ 7.9 ወጥቶ ነበር፣ ቀመር ወዳድ እንዳለው። የምጨምረውን ቀነስኩ።

በመሀል አንድ ችግር ነበር። በስድስተኛው ሳምንት አሸዋው ላይ ቀይ ሳያኖ (ንጣፍ የሚመስል ባክቴሪያ) መጣ። ደነገጥኩ። አቼቶውን በ2 ሚሊ ሊትር ቀነስኩ፣ አንድ ፖምፕ ወደ አሸዋው አዞርኩ፣ ቀዩን በቱቦ ሳብኩት። በ10 ቀን ጠፋ፣ ከዚያ ወደ 12 ተመለስኩ።

ኬቶውን ሁለት ጊዜ ቆርጬ አውጥቻለሁ። ሃመሩ አሁን መብራት እስኪጠፋ ክፍት ነው። ሞንቲፖራዋ መሀሏ ገና ቡናማ ነው። ጠርዟ ላይ ግን የጥፍር ያህል ወይን ጠጅ መስመር ወጥቷል።

የቆየ ድንጋይ

ጠርዙ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ከዚያ ይጀምራል። መሀሏ ወራት ይፈልጋል። መብራቷን እንዳትነኪ፣ ቦታዋንም አትቀይሪ። ቀለም መመለስ የጀመረ ኮራል ለብርሃን ስስ ነው።

ልጄ፣ ደስ ብሎኛል።

ሰማያዊ ውሃ

እሺ ጋሼ፣ አልነካትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። በሚቀጥለው ወር 10 ቀን ከቤት እርቃለሁ። ጎረቤቴ ዓሦቹን ትመግባለች። አቼቶውን እንዴት ላድርግ?

ማዕበል

ከመሄድሽ 5 ቀን ቀድመሽ በየቀኑ 2 ሚሊ ሊትር እየቀነስሽ ወደ 2 አድርሺው፣ ከዚያ አቁሚ። በአንዴ ከ12 ወደ 0 አይውረድ። አንቺ በሌለሽበት ስኪመሩ ቢሞላ ወይም ቢቆም ባክቴሪያው ኦክስጅን እየበላ እንዳይቀር ነው። በ10 ቀን ናይትሬቱ ትንሽ ቢወጣ ምንም አይደለም፣ ስትመለሺ ከ2 ትጀምሪያለሽ።

ለጎረቤትሽ ደግሞ ምግቡን በቀን በቀን መዝነሽ በትናንሽ ከረጢት አዘጋጂላት። ታንጉ ይለምናታል።